የአየር ሙቀት ሴንሰርህን ፀሐይ እየመታው ነው

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህን ባጭሩ ልድገመውና እንቀጥል። ከመናኸሪያ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርክ በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ሙቀት እንደሚያርፍበት ሶልዌግ በሚባለው፣ የፀሐይንና የጥላን ጨረር በሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል አስልተሃል። ሞዴሉ ፀሐይ ላይ የጨረሩን አማካይ ሙቀት (የአየሩን ሳይሆን፣ ከዙሪያው ሁሉ ሰው ላይ የሚያርፈውን የጨረር ሙቀት) 68 ዲግሪ ይልሃል፤ በእጅ የተሠራው መለኪያህ ግን 47 አወጣ። «የፀሐይ ጨረሩን ቀንሼ ሞዴሉን ላስማማው ወይ?» ብለሃል።

አትንካው! እንዲህ አድርገህ ካስማማኸው ዛፍ የሌለው መንገድ ለእግረኛ ደህና ነው የሚል ካርታ ታወጣለህ፤ ፋብሪካ ውላ የምትመለሰው ልጅ ናት የምትቃጠለው።

ዓይኔ ያረፈው ከላክኸው ቁጥር ላይ ነው። መለኪያህ ላይ ያለው፣ ውስጡ ቴርሞሜትር የተቀመጠበት ጥቁር ኳስ 40፣ አየሩ 38፣ ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር። በጠራራ ፀሐይ ኳስና አየር በ2 ዲግሪ ብቻ አይለያዩም። ማዶ ጥላው ውስጥ ደግሞ አየሩን 31 ብለህ መዝግበሃል። መንገድ ስለተሻገርክ አየር በ7 ዲግሪ አይዘልም። የአየሩ ሴንሰር ፀሐይ እየመታው ነው።

ይህን ነገር ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ እነግራለሁ። ኳሱ ከፀሐይ፣ ከአስፋልቱና ከግንቡ ጨረር ይቀበላል፤ ነፋሱ ደግሞ ያን ሙቀት ይወስድበታል። ኳሱ ከአየሩ በልጦ የሚሞቀው የሚቀበለውና የሚወሰድበት እኩል እስኪሆን ነው። ስለዚህ ጨረሩን የሚነግርህ በኳሱና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የኳሱ ሙቀት ለብቻው ምንም አይልህም። የአንተው 40 ሚሊ ሜትር የፒንግ ፖንግ ኳስ 40 ዲግሪ እያለ አየሩ በትክክል 30 ቢሆን፣ በዚያው ነፋስ ሂሳቡ ወደ 70 ይወጣል፤ አየሩን 38 ስትለው 47 ይሆናል። አየሩ ላይ የተሳሳትከው 8 ዲግሪ፣ ውጤቱ ላይ የጠፋው ግን 23! እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በቆዳችን እናውቀዋለን፤ ደሴ ላይ አየሩ እየቀዘቀዘ ፀሐዩ ይለበልባል። ኮምቦልቻ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብትልም ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር በላይ ናት፤ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ሙቀቱን የሚገምት እዚያም ይሳሳታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መለኪያውን ፀሐይ ላይ አቁመህ፣ ካርቶን ግማሽ ሜትር ራቅ አድርገህ የሴንሰሩን ሳጥን ብቻ ለ10 ደቂቃ አጥላበት። ንባቡ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ነገሩ አለቀ።

ፎቶውን ሳየው አዝኛለሁ። ከአንተ በፊት የነካው ሰው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ የሳጥኑን ቀዳዳ ሁሉ በሲሊኮን ደፍኖታል፤ ሴንሰሩ ምድጃ ውስጥ ነው ያለው። ኳሱንም የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀባው። ሳጥኑን ጣለው፤ ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ደርድረህ በመካከላቸው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተው፣ ከላይ አየር የሚስብ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ግጠም። ዲኤችቲ 11 የሚባለውን ርካሽ ሴንሰርም አውጣው፤ አምራቹ ራሱ እስከ 2 ዲግሪ ሊሳሳት እንደሚችል ጽፎበታል። እንዲህ ላለ ሥራ እሱን የሚሸጥላችሁ ሰው ያናድደኛል። ኤስኤችቲ 31 ብታገኝ ይሻላል።

አሁን በጣም ያስፈራኝን ልንገርህ። መለኪያውን 3 ሜትር የብረት ቱቦ ላይ አስረህ መንገድ ዳር ትዞራለህ። ከላይህ የመብራት ሽቦ አለ! የቆመ ሰው የሚለካው በ1.1 ሜትር ከፍታ ነው፤ ቱቦውን ዛሬውኑ ቁረጠው።

ሂሳቡ ውስጥ የኳሱ ስፋት (ዲያሜትሩ) 0.04 ሜትር መሆኑን እይ፤ ብዙ ሰው የትልቁን ኳስ 0.15 ሳይቀይር ይተወዋል። ሰዓቱንም አረጋግጥ። ከቀትር በኋላ ያለውን 8 ሰዓት «8» ብለህ ካስገባህ ሞዴሉ የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው የሚያሰላው፤ ጥላውም በተቃራኒው በኩል ይወድቃል።

ከዚያ በየቦታው ኳሱ እስኪረጋጋ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆመህ እንደገና ለካ። ሚያዝያ 12 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናታችሁ ላይ ስለምትሆን የግንብ ጥላ አይገኝም፤ የዛፍ ጥላ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ለማነጻጸር ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ደግሜ እለምንሃለሁ፣ ከሽቦ ሥር ብረት ቀጥ አድርገህ አትያዝ።