ለተሳትፎ ነጥብ ስለ መስጠት፦ ለተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሕግ ተማሪ የሆነች የዘመድ ልጅ ጥያቄ ላከችልኝ። በትምህርት ክፍላቸው በበጎ ፈቃድ ሥራ፣ በመራጮች ትምህርት፣ በምርጫ ታዛቢነትና በፖለቲካ መድረኮች የሚሳተፉ ተማሪዎች ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኙ ሐሳብ ቀርቦ፣ እርሷም የተማሪዎች ተወካይ በመሆኗ አቋሟን እንድትገልጽ ተጠይቃለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሉኛል?» ነው የምትለው። በስልክ ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ስለ መለሰኝ፣ መልሱም ለእርሷ ብቻ የሚሆን ስላልመሰለኝ፣ ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሒሳብ ምርመራ ስለሆነ ነገሩን የማየው በሰነድ በኩል ነው፤ ለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጉዳዩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት፣ አንድ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም በክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። እኔን ሒሳብ ያስተማረኝ ከእነዚህ አንዱ ነው። በክፍለ ጊዜው ስለ ሦስት ማዕዘን ያስተምረናል፤ ከክፍለ ጊዜው ውጭ ደግሞ ስለ ጭሰኛውና ስለ ባለመሬቱ ያጫውተናል። ይህንን ሁለተኛውን ትምህርት ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልቆጠረለትም፤ ከእርሱ የቀረልኝ ግን ይኸው ነው። በግዴታ የመጣ ሰው በፍቅር ሊያገለግል እንደሚችል ያየሁት በእርሱ ስለሆነ፣ ግዴታን በጅምላ የሚኮንኑ ሰዎች አይጥሙኝም።

የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመቻው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህርም በየገጠሩ ተሰማራ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መያዝ እንደማይችል ተነግሮን ነበር። ስለዚህ ካኪውን የለበስነው በሁለት ስሜት ነው፤ አንደኛው፣ «መሬት ለአራሹ» እያልን ስንጮህለት የኖርነውን ገበሬ በዓይናችን ልናየው ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወረቀቱን ካልያዝን ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አንደርስም የሚል ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ስሜቶች ነበሩ፤ የትኛው እንዳመዘነ ዛሬም መለየት አልችልም።

የደረሰን ጣቢያ በአርሲ ደጋ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ የስም መቆጣጠሪያው መዝገብ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ጠዋትና ማታ ስም እየጠራሁ ለተገኘው ምልክት አደርጋለሁ፣ በቀረው ላይ ቀይ መስመር አሰምራለሁ። ከመካከላችን ከከሚሴ የመጣ፣ ኦሮምኛን እንደ አማርኛው የሚናገር አንድ ልጅ ነበር። እኛ ከገበሬው ጋር በአስተርጓሚ ስንግባባ፣ እርሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፤ ስለዚህም ችግር ያለበት ሁሉ የሚፈልገው እርሱን ነበር። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ባለመሬት ሰዎች ልኮ በጭሰኞቹ እጅ የነበሩትን በሬዎች በሌሊት አስነዳቸው። አዋጁ ጭሰኛው በሬውንና የእርሻ መሣሪያውን ለባለቤቱ ካሳ እየከፈለ እንዲይዝ ይፈቅድለት ነበር፤ ገበሬዎቹ ግን ይህንን በወሬ ሰሙት እንጂ ለማንና እንዴት አቤት እንደሚሉ አያውቁም። የክረምቱ እርሻ ደግሞ ጊዜው እየደረሰ ነበር።

ያ ልጅ አቤቱታውን በእጁ ጻፈላቸው፤ ከዚያም አብሯቸው በእግሩ ወደ አውራጃው ከተማ ወረደ። ባለሥልጣኑ የሉም ተብለው ተመለሱ። ደግሞ ሄዱ። በቢሮው ደጃፍ ሲያድሩና ሲውሉ፣ እኔ በጣቢያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሜ ስሙን እጠራለሁ፣ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋም ቀዩን መስመር አሰምራለሁ። በዚያው ሰሞን ከዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ የሚውሉ ጓደኞቻችን ነበሩ፤ ጠዋትና ማታ ግን «አቤት!» ስለሚሉ መዝገባቸው ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ ከበሬዎቹ ገሚሶቹ ተመለሱ። እርሱም ከስቶና ጫማው ተቀዶ መጣና፣ ሽሮውን በልቶ ተኛ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጣቢያው ኃላፊ የመዝገቡን ማጠቃለያ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ቆጠርኩ፣ ደመርኩ፣ ፈረምኩ። ከእውነት የራቀ አንድም ነገር አልጻፍኩም፤ ልጁ በእነዚያ ቀናት በጣቢያው አልነበረም፤ መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው። በዚያ ማጠቃለያ ምክንያት «ዲሲፕሊን የጎደለው» ተብሎ ማስረጃው እንዲያዝ ተወሰነ። ተከራከረ፣ ግን የሚሰማው አላገኘም። ዘማቾች ከመንግሥት ጋር እየተቃቃሩ ብዙዎች ጣቢያቸውን ጥለው ሲሄዱ እርሱም ሄደ፤ የተከተሉት ዓመታት ደግሞ የትውልዴን ልጆች ምን እንዳደረጉ ስለምታውቁ፣ የት እንደ ደረሰ አላወቅሁም ብላችሁ አትፈርዱብኝም። እኔ ወረቀቴን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መዝገቡ «የቀረበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አልነበረውም፤ ነገር ግን ማስመሪያውም እርሳሱም በእጄ ነበሩ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

በኋላ በሙያዬ ይህንኑ በብዙ መልኩ አየሁት። አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና አበል ሰነድ ስመረምር፣ የሐሙስ የመገኛ ፊርማ ማክሰኞ ዕለት ተፈርሞ አገኘሁ፤ ፊርማው የተሟላ፣ አበሉም በአግባቡ የተከፈለ ነበር፤ የጎደለው ሥልጠናው ብቻ ነው። ዋጋ የተቆረጠለት ተሳትፎ ወዲያው ቅጽ ይሆናል፤ ቅጹም የሚይዘው ሊቆጠር የሚችለውን ብቻ ነው።

በጣቢያው የተቆጠረው መገኘት ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በመጨረሻ የሚፈተነው ተማሪው ገበሬ ነበር፤ አንብቦና ጽፎ ካለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የአስተማሪው ልፋት የሚለካው በሌላ ሰው ማንበብ ነው ማለት ነው። ለደርግ መንግሥት ፍቅር የለኝም፤ ዘመቻውም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የተሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው የራሱ ግድፈቶች እያሉበት ነው። ቢሆንም የመለኪያውን ቦታ በትክክል አውቆታል።

የፖለቲካውን በተመለከተ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ለዜጋ የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥቶታል፤ መብት ደግሞ ሳይጠቀሙበት መቅረትንም ይጨምራል። ለገዥው ፓርቲ ስብሰባ የወጣና ለተቃዋሚ ፓርቲ ስብሰባ የወጣ ተማሪ እኩል ነጥብ ያገኛሉ ብሎ የሚምልልኝ መምህር ቢመጣ እንኳ፣ የትኛው የት እንደ ዋለ የሚያሳይ ዝርዝር በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ በራሱ አይዋጥልኝም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰው ለመምረጥ እስከ ምሽት ተሰልፎ ሲጠብቅ ነጥብ የሚሰጠው አልነበረም።

እናንተን ሳያችሁ አንዳንዴ እበሳጫለሁ፤ አልደብቃችሁም። ገና ሥራው ምን እንደሆነ ሳይነገራችሁ «ሰርተፊኬት አለው?» ትላላችሁ፤ ችግኙን ሳትተክሉ ፎቶውን ታነሳላችሁ። ይህንን ለልጄ ስነግራት፣ «አባዬ፣ እናንተስ ለወረቀት አልነበር የዘመታችሁት?» አለችኝና አፌን አስያዘችኝ። ደግሞም ቅዳሜውን በነፃ የሚሰጥ ተማሪ ቤተሰቡ የሚያበላው ነው፤ ከካፌ ሥራው የቀረ ልጅ የዕለት ገቢውን ያጣል። ስለዚህ ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ይሰጥ የሚለውን ያለ ምንም ማመንታት እደግፋለሁ። የአበል ሰነድ ላይ ያልኩትን ታስታውሱኝ ይሆናል፤ እውነታችሁን ነው፣ እንዲያም ቢሆን ገንዘቡ አይቅር እላለሁ። ሠራተኛ ስቀጥር እንዲህ ያለ የበጎ ፈቃድ ወረቀት ያላቸውን አመልካቾች አስቀድም እንደነበረም መናገር ይገባኛል።

ለጠየቀችኝ ልጅ የምለው ይህ ነው። የፖለቲካው ክፍል ከሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ተቃወሚ። በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚሠራውን ግን አትቃወሚ፤ እዚያ የሚታረመው የተጻፈው አቤቱታ ነው፣ ጥሩም መጥፎም ቢሆን መምህሩ አንብቦ ሊያርመው ይችላል፤ ለዚህ ነጥብ መስጠት ማስተማር ነው። ለቀረው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነጥቡ ቀርቶ ወጪ መሸፈኛ ይሰጥ። መዝገብ መያዙ የማይቀር ከሆነ፣ ቅጹ ከመታተሙ በፊት ሁለት ዓምዶች እንዲጨመሩ ጠይቂ፤ አንደኛው ተማሪው የቀረበትን ምክንያት ራሱ የሚጽፍበት ይሁን፤ ሁለተኛው የተገለገለው ሰው፣ መጻፍ ባይችል በጣት አሻራው፣ ምን እንደ ተሠራለት የሚያረጋግጥበት ይሁን። የቅጹን ረቂቅ በእጄ አስምሬ ልኬልሻለሁ፤ የሁለተኛው ዓምድ ስፋት አንሶ ከታየሽ ወረቀቱን አግድም አድርጊው።