የላክሮስ ውድድር ሲያልቅ ልጆቻችን ምን ይሥሩ? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ስቴት ላክሮስን፣ ማለትም ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ ጎል የሚያገቡበትን ጨዋታ፣ ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችንም ዱላውን ይዘው ቤት እየገቡ ነው። ወላጆችም ልጆችም የጠየቃችሁኝን ባለኝ ልምድ ልመልስ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ጨዋታው በሜይ አለቀ። እስከሚቀጥለው ማርች ምን ይሥራ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይረፍ። ዱላው ጥግ ይቀመጥ። ከዚያ ግድግዳ! በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ኳሱን ግድግዳ ላይ እየወረወረ ይቅለብ። አራት አምስት እርምጃ ርቆ ይቁም። 50 በግራ፣ 50 በቀኝ። ሁልጊዜ በደካማ እጁ ይጀምር፤ ከደከመው በኋላ ያንን እጅ መዝለሉ አይቀርም። ኳሱ ሲመጣ መረቡን አይግፋበት፤ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ወደ ራሱ እየሳበ ይቀበለው። የመጀመሪያው ሳምንት ኳስ በመልቀም ያልቃል፤ አይዞት በሉት። አደራ፣ ኳሱ ድፍን ጎማ ነው። መስኮት ያለበት ግድግዳ አይሆንም።

የምንኖረው አፓርታማ ነው። ግድግዳ ከየት እናምጣ?

አንዳንድ የሕዝብ ቴኒስ ሜዳዎች የመለማመጃ ግድግዳ አላቸው። ሰው በሌለበት ሰዓት ሂዱ።

ዓመቱን ሙሉ ክለብ ካልተጫወተ ወደ ኋላ ይቀራል ይሉናል። ክፍያው ደግሞ አልተቻለም።

ወንድሜ፣ ይህ ወሬ ብዙ ቤተሰብ አስጨንቋል፤ ልጁ ግን ወደ ኋላ አይቀርም። በመጸው እግር ኳስ፣ በብርዱ ወራት ቅርጫት ኳስ ይጫወት። ቅርጫት ኳስ ላይ ሰው ለመከላከል ጎን ለጎን የሚሮጠው ሩጫ ላክሮስ ሜዳ ላይም ያው ነው። የእኔ ልጅ አንድ መጸው ዱላውን ትቶ እግር ኳስ ተጫወተ። ሲመለስ እግሩ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ትከሻና ወገብም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገምበት ይጎዳል። የኮሌጅ ነገር የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ የዲቪዚዮን 1 (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) አሰልጣኞች 11ኛ ክፍል ከሚገባበት ሴፕቴምበር 1 በፊት ልጁን ለምልመላ ማነጋገር አይፈቀድላቸውም። በ12 ዓመቱ አሰልጣኝ እንዲያየው ብሎ በየስቴቱ ማንከራተት ለማን ነው?

ጋሼ፣ 14 ዓመቴ ነው። ክብደት ላንሳ?

ጎበዝ! መጀመሪያ ፑሽ አፕና ስኳት በትክክል ሥራ። ብረቱን የምትጀምረው አሰልጣኝ አጠገብህ ቆሞ፣ ከቀላሉ ነው።

ሴት ልጄም ይኸው ልምምድ ይበቃታል?

ግድግዳው ያው ነው። ግን የሴቶቹ ዱላ መረብ ጥልቀት ስለሌለው ኳሱ ቶሎ ይወድቃል። እየሮጠች ዱላውን ማወዛወዝ ትለማመድ፤ ኳሱን መረቡ ውስጥ የሚያቆየው እሱ ነው። የአካል ንክኪም በሴቶቹ ጨዋታ በጣም የተገደበ ስለሆነ ማምለጫዋ እግሯ ነው። አጫጭር ሩጫ፣ ድንገት መቆም፣ አቅጣጫ መቀየር።

ላክሮስ ኦሎምፒክ ላይ አለ?

አዎ፣ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ስድስት ለስድስት። በአነስተኛ ሜዳ ስለሆነ ሁሉም ያጠቃል፣ ሁሉም ይከላከላል። እናንተም በብርዱ ወራት ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና በጠባብ ቦታ ሦስት ለሦስት ተጫወቱ። ያለ አሰልጣኝም ይቻላል።