ሰውየው አፉን ሳይከፍት ይናገራል

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦

«ላፕቶፔን ልጄ ነው ከአሜሪካ የላከልኝ። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዩቲዩብ ላይ ቃለ ምልልስ ስከፍት ደህና ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ይናገራል። ኔትወርክ ነው አሉኝ፤ ፓኬጅ ጨምሬ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። ወስጄ ፎርማት አስደረግኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ የስክሪኑን ብርሃን ልቀንስ ብል እንኳ እምቢ ይለኛል። ጥዬው ሌላ ልግዛ?»

መምህር፣ አይጣሉት። ፓኬጁንም ወደ ድሮው ይመልሱት። ኔትወርክ ሲደክም ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ምስሉም ድምፁም አብረው ይቆማሉ። ሲመለሱም አብረው ነው። ድምፁ እየሄደ ምስሉ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ግን ችግሩ እዚያው ጠረጴዛዎ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ወደኔ ሲመጣ «ድምፁ ዘገየ» ይላል። እርስዎ ግን በትክክል አይተውታል፤ የዘገየው ምስሉ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከበሮ የሚመታበት ቪዲዮ ይክፈቱና እጁን ይመልከቱ። እጁ ገና አየር ላይ እያለ ድው ካለ ምስሉ ኋላ ቀርቷል። እጁ አርፎ ከቆየ በኋላ ድው ካለ ደግሞ ድምፁ ነው የዘገየው፤ ያኔ ሌላ በሽታ ነው፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ድምፅ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ ምስል ነው። ታጭቆ የመጣውን እየፈታ በሰከንድ 30፣ አንዳንዴም 60 ሥዕል ማሳየት አለበት። ማጫወቻው ደግሞ ሰዓቱን የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ በድምፁ ነው። ድምፅ ለቅጽበት ቢቆረጥ ጆሮ ወዲያው ያውቃላ! አንድ ሁለት ሥዕል ቢዘለል ግን ዓይን ይታገሣል። ስለዚህ ማሽኑ ሲደክመው ሥዕሎችን እየዘለለ ድምፁን ይከተላል። መዝለሉም ካላዋጣው ኋላ ይቀራል።

ድምፅ ትንሽ ቢዘገይ እኮ ብዙም አይከነክነንም ነበር። 40 ሜትር ርቆ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይመልከቱ። መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው፤ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በትንሹ ይበልጣል። ይህን ለምደነዋል። ድምፅ ከመጥረቢያው ሲቀድም ግን አይተን አናውቅም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይም ይኸው ይታያል፤ ድምፁ ሲቀድም በ45 ሚሊሰከንድ (በሺህኛ ሰከንድ) ይታወቀናል፣ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ልብ አንለውም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ከሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው እርስዎ ቀለል አድርገው ያለፉት ነገር ነው፤ የስክሪኑ ብርሃን። ፎርማት ካደረጉት በኋላ ብርሃኑ አልቀነስ ካለ፣ ሰዎቹ ዊንዶውሱን ጭነው የግራፊክሱን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ምስል የሚያወጣውን ክፍል እንዲያዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም፣ ሳይጭኑ ሳይሰጡዎት አልቀሩም። ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። ውስጡ ግን ቪዲዮ እንዲፈታ የተሠራው ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሸክሙ በሙሉ የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ ነው።

ይህን ለማየት የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ይጫኑና ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ይግቡ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይክፈቱ። የእርስዎ ማሽን ላይ መነበብ ያለበት ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ የሚል ስም ነው። ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካገኙ ሌባው ተይዟል። ኢንተርኔት እንደተገናኙ በዊንዶውስ አፕዴት ይፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ያመጣዋል። ካላመጣ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ በሞዴሉ ቁጥር ይገኛል። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እንጭናለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን ይራቁ። ድራይቨር እናመጣለን ብለው ገብተው ያላዘዙትን ፕሮግራም የሚያራግፉ እንግዶች ናቸው።

ከዚያ በኋላም ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል። ከፎርማቱ በፊትም ችግሩ ነበረ ብለዋልና። ምክንያቱ የዕድሜ ልዩነት ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር ትውልድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቪዲዮ የሚታጨቅበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ዩቲዩብ ዛሬ ቪዲዮዎቹን በብዛት ከሚያጭቅባቸው ኮዴኮች ቪፒ9 የተጠናቀቀው በ2013፣ ኤቪ1 ደግሞ በ2018 ነው። ፕሮሰሰርዎ ሲወጣ ሁለቱም ገና አልተጠናቀቁም ነበር። በ2003 የወጣውን ኤች264 የተባለ ኮዴክ ግን በደንብ ያውቀዋል፤ እሱን የሚፈታ ክፍል ውስጡ አለው።

የትኛው እየመጣልዎ እንደሆነ ለማወቅ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ ይጫኑ፤ ከዝርዝሩ መጨረሻ ስታትስ ፎር ነርድስ የሚል አለ። ጥቁር ሣጥን ይወጣል። ኮዴክስ ከሚለው ፊት ኤቪ01 ወይም ቪፒ09 ካለ ማሽኑ በማያውቀው ቋንቋ እየተነገረው ነው። ኤቪሲ1 ካለ ኤች264 ነው፣ ደህና ነው። እዚያው ፍሬምስ የሚል መስመር አለ፤ ድሮፕድ ከሚለው ቃል በፊት ያለው ቁጥር የወደቁትን፣ ማለትም የተዘለሉትን፣ ሥዕሎች ይቆጥራል። ሲጀምር ጥቂት ቢወድቁ ግድ የለም። እያዩት ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ነው ጉዱ።

መፍትሔው ፋየርፎክስ በሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ኤች264ኢፋይ (h264ify) የምትባለውን ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ነው። ዩቲዩብን «ይህ ማሽን ኤች264 ብቻ ነው የሚችለው» ብላ ታሳምነዋለች። ሐቁን ልንገርዎ፤ በዚህ መንገድ ለተመሳሳይ ጥራት ከፍ ያለ ዳታ ይበላል። ስለዚህ ጥራቱን 480 ላይ ያድርጉት። ቃለ ምልልስ ለማየት ይበቃል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በሰከንድ 60 ሥዕል የሚመጣው ከ720 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በታች ሲያወርዱት ሸክሙ በብዙ ይቀላል።

«ደህና ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ» ያሉት ደግሞ ሙቀት ይሸታል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፑን ጋቢ ወይም አልጋ ላይ አስቀምጠው ያያሉ? የአየር መግቢያው ከታች ነው፤ ይታፈናል። የዚህ ዕድሜ ላፕቶፕ ስከፍት ደግሞ ፋኑና የማቀዝቀዣው ክንፍ መሃል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ባዘቶ በመቆንጠጫ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ፋኑ ይጮኻል፣ አየሩ ግን አያልፍም። ባለሙያ ጋ ወስደው አቧራው እንዲጸዳና ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ቅባት እንዲቀየር ያድርጉ። የደረቀው ቅባት ተፍቆ እንዲወጣ ይንገሩ፤ በላዩ ደርቦ መቀባት ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ በአየር ላጸዳ ካሉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በስንጥር ይያዙት።

ድምፁ ኋላ የሚቀርባቸው ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ብሉቱዙን ይጠርጥሩ። በብሉቱዝ ስፒከር ድምፅ በቀላሉ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ባለገመድ ማዳመጫ ሰክተው ይሞክሩ፤ ከተስተካከለ አለቀ። የወረደ ፊልም ከሆነ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ኬ የምትለውን ፊደል ሲጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ ጄ ደግሞ ታስቀድመዋለች።

ራሙን ወደ 8 ጊጋ ማሳደግ አይከፋም፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሲገዙ ዲዲአር3 ይበሉ፤ ዲዲአር4 ቢሰጡዎት አይገባም።

ድራይቨሩን ዛሬውኑ ይሞክሩት፣ ከትንሽ ዳታ በቀር ወጪ የለውም። የብርሃኑ ቁልፍ መሥራት ከጀመረ ድራይቨሩ ገብቷል ማለት ነው። ካልሠራ ላፕቶፑን ገልብጠው ከሆዱ ላይ የተለጠፈውን ሞዴል ያንብቡና መልሰው ይጻፉልኝ።