ሰዓትሽ 178 ሲልሽ እግርሽን እየቆጠረ ይሆናል

አንዲት የጎንደር፣ የማራኪ ሰፈር ልጅ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት በአዘዞ መንገድ እሮጣለሁ። ስማርት ሰዓቴ ገና 10 ደቂቃ ሳልሞላ የልብ ምትሽ 178 ነው ይለኛል፣ ፈርቼ አቆማለሁ። ብሉቱዝ ኢርፎኔም ዘፈኑን ይቆራርጥብኛል። ሞራሌ ወድቋል፣ ሁለቱንም ልቀይራቸው?»

እህቴ ብርሽን ያዢ፣ ገና ምንም አትግዢ።

ሰዓቱን ገልብጪና ጀርባውን እዪው፣ አረንጓዴ መብራት አለ አይደል፣ እሱ ቆዳሽ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ደም በመጣ ቁጥር ቀነስ ይላል፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን ነው። ማሰሪያው ከላላ ግን በረገጥሽ ቁጥር ሰዓቱ እጅሽ ላይ ይዘላል፣ ብርሃኑም አብሮ ይዘላል፣ ሰዓቱ ደግሞ ያንን የልብ ምት ይመስለዋል። ሯጭ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል፣ ስለዚህ ያ 178 የእግርሽ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሲያስፈራሽ ቁሚና ወዲያው ሁለት ጣትሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ 15 ሰከንድ ቁጠሪ፣ በ4 አባዢው። 35 ከመጣ 140 ነው፣ ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት ነው። በእጅሽም ቆጥረሽ ያው ከሆነና ደረትሽን ከወጋሽ ወይ ካዞረሽ ግን እንደኔ ያለ እቃ ጠጋኝ ጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ በዚህ እንዳትቀልጂ።

መፍትሄው፣ ከእጅ አንጓሽ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ እሰሪው፣ ስትሮጪ ጠበቅ፣ ስትጨርሺ ላላ። ባለፈው አንድ ልጅ የሰዓቴ ሴንሰር (ምት የሚለካው ክፍል) ሞቷል ብሎ አመጣልኝ፣ ከፍቼ ልየው ስል ጀርባው ላይ ቫዝሊንና ላብ ተጋግሮ መስታወቱን ነጭ አድርጎታል፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የጨረስኩበት። ደሞ የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን እኮ፣ ሲበርድ ደም ከእጅ ቆዳ ስለሚሸሽ የመጀመሪያ ደቂቃዎችን ቁጥር አትመኚው፣ ቤት ውስጥ ተሟሙቀሽ ውጪ።

ወደ ኢርፎኑ ስንመጣ መጀመሪያ አቆራረጡን ለዪልኝ። ዘፈኑ ቀጥ ብሎ ቆይቶ ካቆመበት ከቀጠለ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፣ ዘፈኖቹን ማታ ዳውንሎድ አድርገሽ ዳታ አጥፍተሽ ሩጪ፣ አለቀ። ግን ቃል እየዋጠ ወደፊት ከሄደ ብሉቱዙ ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ የብሉቱዝን ሞገድ ይውጣል፣ ስልክሽ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ በመሃል ያለሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ የሚሠራውም ለዚህ ነው፣ ሞገዱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይደርስሻል፣ ሜዳ መንገድ ላይ የሚነጥርበት የለም። ስልኩን ክንድሽ ላይ እሰሪው፣ በቀኝም በግራም ሞክረሽ የተሻለውን ያዢ።

ሞራልሽን በተመለከተ፣ ዘፈኑን ከመንገዱ ጋር አስማሚው። መነሻው ላይ ረጋ ያለ አድርጊና ትከሻ የሚያስነሳውን የኛን እስክስታ ለዳገቱ አቆዪው፣ መጀመሪያ ላይ ከጨረስሽው ዳገቱ ላይ የሚገፋሽ ታጪያለሽ። የሰዓቱንም ስክሪን ከልብ ምት ወደ ደቂቃ ቀይሪው፣ ቁጥሩን ስትመለሺ ታዪዋለሽ። እና አደራ፣ አንድ ጆሮሽን ክፍት አድርጊው፣ በአዘዞ መንገድ ባጃጅና ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ መስማት አለብሽ።

ስትጨርሺ ኢርፎኑን ላቡን ሳትጠርጊ ኬዙ ውስጥ አትክተቺው፣ የቻርጅ ነጥቦቹን ላብ ይበላቸዋል። አንዱ ጆሮ ብቻ አልሞላ ካለ ነጥቦቹን ጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል አድርገሽ ጥረጊ፣ እምቢ ካለ ኬዙንም ሁለቱንም ጆሮ ይዘሽ ነይ፣ አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ልንለይለት አንችልም።