ውሃው ከደብዳቤው ይቀድማል

ለአዲስ ገቢ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በወንዝ ልኬትና በጎርፍ ትንበያ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። «ቀጣናዊ ትብብር» የሚል የታተመባቸው የስብሰባ ቦርሳዎች ቁም ሳጥኔን ሞልተውታል። በየመክፈቻ ንግግሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ከሌላው ጋር አጨብጭቤያለሁ፤ ድሩን ማን ይፈትለው የሚለው ጥያቄ ግን አንድም ቀን አጀንዳ ሆኖ ሲቀርብ አላየሁም። ፈታዮቹ እናንተ ናችሁና ለእናንተ ልጻፍ አልኩ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። እንደ እናንተ ጀማሪ ሳለሁ ድንበር በሚሻገር ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ፣ አንድ መለኪያ ጣቢያ ላይ ተረኛ ነበርኩ። አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ውሃው በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ጨመረ። ከድንበሩ ማዶ የእኔኑ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ፤ በአንድ ሥልጠና ላይ ተዋውቀን ስልክ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መመሪያው ግን መረጃ ከሀገር የሚወጣው በኃላፊ ፊርማና በማኅተም ነው ይላል። ኃላፊው ደግሞ ወጥቷል። ልኬቱን መዝገቡ ላይ በጥንቃቄ አሰፈርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደብዳቤው ሰኞ ተፈርሞ ወጣ፤ ውሃው እነሱ ዘንድ የደረሰው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ማሳውንም ከብቱንም ጠራርጎ ወሰደ። በሚቀጥለው የጋራ ስብሰባ ያ ሰው አጠገቤ ተቀመጠና «ስንት ሰዓት ላይ ነበር ያነበብከው?» ሲል ብቻ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

«የሌላ ሀገር ዝናብ እኛን ምን አገባን» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ የአንበጣውን ነገር አስታውሱት። እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሜኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በግንቦትና በጥቅምት የዓረብ ልሳነ ምድርን በረሃ አራሱት። ማንም በማይቃኘው አሸዋ ላይ የበረሃ አንበጣ በዘጠኝ ወር ገደማ ሦስት ትውልድ ተራባ። በጦርነት የተያዘችው የመን ልትገታው አልቻለችም። በ2019 ባሕሩን ተሻገረ፤ ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ ወረራ ሆነ። ሰብሉን ያጣው ገበሬ የአውሎ ነፋሶቹን ስም ሰምቶ አያውቅም።

በ1986 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ሀገራት ድርጅት፣ የዛሬው ኢጋድ፣ ራሱ የድርቅ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያ ስሙ ውስጥ «ድርቅ» የሚለው ቃል ነበረበት። የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከሉ ኢክፓክ ከየዝናብ ወቅቱ በፊት የአባል ሀገራቱን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ሰብስቦ አንድ የጋራ ካርታ ያወጣል፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ በመቶኛና በቀለም ይቀመጥበታል። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ውስጥ ስትገቡ መጥፎው ቀለም በሀገራችሁ ላይ ሲያርፍ ለማደብዘዝ መጎምጀታችሁ አይቀርም። ጎረቤቶች ካርታውን ለየብቻ ሲሠሩት ቀለሙ ድንበሩ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ፖለቲካ እንደገባበት ከሩቅ ይታወቃል። ከዚያ ሲመለሱ ደግሞ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» የሚለውን ለሚኒስትሩ «ዝናብ ይቀንሳል» ብሎ መተርጎም አለ። ምንም የማናውቅ ብንሆን እንኳ ለሦስቱም 33 በመቶ እንሰጥ ነበር። ስለዚህ 45 ሚዛኑ ወደዚያ አጋድሏል ማለት እንጂ ተፈርዷል ማለት አይደለም። ይህን አንዴ አጣማችሁ ከነገራችሁት በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማችሁ አታገኙም።

ሌላው በዝምታ የሚታለፈው ነገር፣ አንዱ ከአየር ንብረቱ ጋር ለመላመድ የሚሠራው ለሌላው መከራ መሆኑ ነው። በወንዙ በአንድ በኩል የጎርፍ መከላከያ ክትር ከሠራችሁ ጎርፉ ወደ ማዶው ወይም ወደ ታች ይሄዳል። የአውሮፓው ራይን ወንዝ ሀገራት ይህን የተማሩት በውድ ነው። የላይኛው ራይን ቀጥ ተደርጎ ጎርፉ የሚተኛበት ሜዳ ሲነጠቅ ማዕበሉ ወደ ታች ፈጥኖና ገዝፎ መድረስ ጀመረ። ከ1993 እና ከ1995ቱ ጎርፍ በኋላ፣ በ1998፣ የጋራ የጎርፍ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ ለወንዙ የተነጠቀውን ሜዳ በከፊል መመለስንም ይጨምራል። የላይኛው ሰው መሬት ሰጥቶ የታችኛው ከተማ ይድናል ማለት ነው። ቀላል ድርድር አይምሰላችሁ።

ገንዘብን ማጣመርም ይቻላል። በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ግሬናዳን ካወደመ በኋላ የካሪቢያን ሀገራት በ2007 የጋራ የአደጋ መድን አቋቋሙ፤ አውሎ ነፋስ ሁሉንም በአንድ ዓመት ስለማይመታ ተካፍሎ መሸከም ያዋጣል። ክፍያው ጉዳት ቆጣሪ ሳይጠብቅ በተለካ ልኬት ስለሚሰላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ነገር ግን ማላዊን አትርሱ። በ2016 ድርቅ ሲመታት በአፍሪካ ኅብረት ሥር የተቋቋመው ተመሳሳይ መድን፣ ጉዳቱን የሚያሰላለት የኮምፒውተር ሞዴል «የተጎዳው ሰው ጥቂት ነው» ስላለ ክፍያ የለም ብሎ መለሰ። ሞዴሉ ቶሎ የማይደርስ የበቆሎ ዝርያ ይዞ ሲያሰላ ገበሬዎቹ የዘሩት በ90 ቀን የሚደርሰውን ኖሯል። ከወራት ክርክር በኋላ ስሌቱ ታርሞ 8.1 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ስንት ፕሮፌሰር ያየው ሞዴል ነው፤ ማሳ ድረስ ሄዶ «ምን ዘራችሁ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

መረጃ ስጡ ስላችሁ የዋህ ሁኑ ማለቴ አይደለም። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ መካከል እውነተኛ የጥቅም ግጭት አለ፤ የውሃ ድርሻ በሚነሳበት ጠረጴዛ ላይ ልኬት ሁሉ ትርጉም አለው። የሚያነጋግረውን ከማያነጋግረው መለየት ግን የእናንተ ሥራ ነው። የዓመት ፍሰት ስሌት በልዑካን በኩል ይሂድ፣ ይዘግይም። የዛሬ ማታ የጎርፍ ከፍታ ግን መደራደሪያ ሊሆን አይችልም።

ያን የድንበር ማዶ ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና አገኘሁት፤ ሁለታችንም የክፍል ኃላፊዎች ሆነን ነበር። በምሳ እረፍት ላይ ግማሽ ገጽ ጻፍን፦ ውሃው ከዚህ ከፍታ ካለፈ ተረኛው በቀጥታ ይደውላል፣ ደብዳቤው ይከተላል። ለማስፈረም አራት ዓመት ፈጀብን። የከፍታውን ቁጥር ስንሞላ እሱ ያንን አሮጌ ደብተር አወጣና የዚያን ዓርብ ሰዓት አሳየኝ። ለዚያ ሰነድ የታተመ ቦርሳ የለም።