16 ዓመት የወታደር ሚስት፣ 7 ቤት፣ 3 ልጅ፦ ጠይቁኝ

የቤዛ እናት፦ ሰላም እህቶቼ። ባለቤቴ የአሜሪካ አርሚ ውስጥ ነው። ከኪሊን ቴክሳስ ተነስተን ጀርመን ቪልሴክ፣ ታኮማ፣ ኮሪያ ካምፕ ሃምፍሪስ ኖረን አሁን ቨርጂኒያ ፎርት ቤልቯር ነን። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ውክልና ሳይፈርምልሽ ባልሽን እንዳትሸኚ።

ሂዊ፦ ባሌ በሚቀጥለው ወር ዲፕሎይ ያደርጋል (ለግዳጅ ይሄዳል)፣ 2 ልጆች አሉኝ፣ ምን ላዘጋጅ?

የቤዛ እናት፦ ውክልና። ቤዙ (የጦር ሰፈሩ) ላይ ያለው ሊጋል ኦፊስ፣ የሕግ ቢሮው ማለት ነው፣ በነፃ ይሰራላችኋል። ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዘሽ እንዳትቀመጪ፣ አንዳንድ ባንክ ጉዳዩ ተለይቶ ካልተጻፈ አይቀበልም። ሁለተኛዋን ስወልድ እሱ ኩዌት ነበር፣ ዲርስ (የቤተሰቡ መዝገብ) ላይ ላስገባት ሄድኩ፣ እሱ ካልፈረመ ወይ ውክልና ካላመጣሽ አይሆንም አሉኝ። የ12 ቀን አራስ ነበርኩ፣ የሕፃኗ የመኪና ወንበር ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወተቴ ነጠላዬን አርሶት፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ልጅቷ እያለቀሰች እኔም እያለቀስኩ ወደ ቤት ነዳሁ። ለዛ ነው ደጋግሜ የምለው።

ሰላም ነኝ፦ ስለ ሚሊተሪ ኑሮ እስቲ ንገሪን

የቤዛ እናት፦ ምኑን? ትምህርት ቤት ነው፣ ሥራ ነው፣ ጓዝ ነው? ለይተሽ ጠይቂኝ እህቴ።

ማርታ ከጆርጂያ፦ ጀርመን ልንሄድ ነው፣ ምጣዴን ልውሰደው?

የቤዛ እናት፦ ተይው። የአሜሪካው 110 ቮልት ነው፣ ጀርመንም ኮሪያም 220። ትራንስፎርመር አለ ይሉሻል፣ ምጣድ ግን ብዙ ኃይል ነው የሚበላው፣ ትንሹ አይችለውም፣ የኔ ተቃጥሏል። እዛው የ220 ግዢ፣ ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያው አካባቢ የሐበሻ ሱቅ ታገኛለሽ።

አቤል፦ እኛ በትልቁ ትራንስፎርመር 3 ዓመት ጋግረናል ምንም አልሆነም

ትርሲት፦ ምጣዱን ተዉትና እኔ የምለው ሐበሻ የሌለበት ቤዝ ልጆች ይዞ መሄድ ምን ይባላል? እሱ ብቻውን ይሂድ፣ እናት ልጆቿን ይዛ እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ትቀመጥ፣ ቤተክርስቲያኑም ዘመዱም እዚህ ነው።

ማርታ ከጆርጂያ፦ 3 ዓመት? ትዳር በስልክ?

ትርሲት፦ የኔ እህት ኮሪያ ሄዳ ልጆቿ አማርኛ ረስተው ነው የመጡት።

አቤል፦ አሌክሳንድሪያ ተወልደው የማይችሉ ስንት አሉ፣ ቋንቋ በሰፈር አይደለም።

የቤዛ እናት፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ እባካችሁ። ትርሲት፣ ኮሪያን ካነሳሽ ግን ልንገርሽ። ቹንቾን የሚባል ከተማ የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ አለ፣ በር ላይ ሐውልቱ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና የሚያፈላ ከ1968 ጀምሮ ያለ ቤት። በዛው ዓመት ጃንሆይ ራሳቸው ሄደው ነበር፣ እንግዲህ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ቃኘው ኮሪያ የገባው በ1951 ነው፣ ከ6 ሺህ በላይ ወታደር እየተፈራረቀ ዘምቶ ከ120 በላይ ሞቶ አንድም አልተማረከም። ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነው፣ ፊደል ማታ ማታ በግድ ነበር የማስጠናው፣ ጓንቱን አውልቆ በጣቱ እየተከተለ «ቃ፣ ኘ፣ ው» ብሎ አነበበና «እማዬ፣ እነዚህም ሚስቶቻቸው ቤት ቀርተው ነበር?» አለኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ፊደል አጥና ብዬው አላውቅም።

ኤደን፦ የልጆች ትምህርትስ? 3ኛ ትምህርት ቤት ልንቀይር ነው፣ ልጄ አልሄድም ብላ ታለቅሳለች።

የቤዛ እናት፦ ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፎልደር፣ እሱን ጓዝ ጫኞቹ እንዳይነኩት፣ በእጅ ሻንጣሽ ነው የሚሄደው። ውጤት፣ የክትባት ካርድ፣ አስተማሪዋ የጻፈችው ደብዳቤ፣ ከዛ ደግሞ ማንም የማይነግርሽ፣ ስትወጣ ትማርበት የነበረውን የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋንና የደረሰችበትን ገጽ ፎቶ አንሺ፣ አዲሷ አስተማሪ የት እንዳቆመች በአንድ እይታ ታውቃለች። 50ውም ስቴት የፈረሙት የወታደር ልጆች ስምምነት አለ፣ በእጅሽ የያዝሽውን ኮፒ ተቀብለው ማስገባት አለባቸው፣ ክትባት ከጎደለ 30 ቀን ይሰጡሻል፣ ክፍሏንም ዝቅ ማድረግ አይችሉም። የግል ትምህርት ቤትን ግን አይመለከትም። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ትምህርት ቤት ፎርሙ ላይ «ቤት አማርኛ እንናገራለን» ስላልኩ ብቻ ቴክሳስ የተወለደውን ልጄን ከእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ጋር አስቀመጠብኝ፣ ፎልደሩን ይዤ 3 ጊዜ ተመላልሼ ነው ያስወጣሁት። ስለ ለቅሶዋ፣ አታባብያት፣ አድምጫት። እኛ ከቤት ስንወጣ እያንዳንዱ ልጅ ክፍሉን ተሰናብቶ ነው የሚወጣው፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ እስኪወጣ እንጠብቃለን። አንዴ ታኮማ ላይ 40 ደቂቃ ጠብቀናል።

ሳሚ፦ ወንድ ነኝ፣ ወታደሯ ሚስቴ ናት፣ ይሄ ሁሉ እኔንም ይመለከታል?

የቤዛ እናት፦ በሙሉ ወንድሜ። ውክልናውም።

ፌቨን፦ ግሪን ካርድ ነኝ፣ ባሌ ዜጋ ነው፣ ጀርመን ብሄድ የዜግነቴ ጊዜ ይቋረጣል?

የቤዛ እናት፦ ስምሽ ኦርደሩ (የዝውውር ትእዛዙ) ላይ ካለ እሱ ጋር የምትኖሪው ጊዜ አሜሪካ እንደኖርሽ ይቆጠርልሻል፣ እዛው ሆነሽም መጨረስ ይቻላል። ኦርደሩ ላይ ስምሽን በዓይንሽ እዪ፣ «አስገብቼሻለሁ» ብሎኛል ብለሽ እንዳትተኚ።

ናኒ፦ ደመወዝ ስንት ነው? ብንፋታስ ጡረታው ላይ መብት አለኝ?

የቤዛ እናት፦ የደመወዙ ሰንጠረዥ ለሁሉም ክፍት ነው፣ እዪው። ፍቺ ጠበቃ ነው የሚጠየቀው፣ እኔ አልነካውም።

ማርታ ከጆርጂያ፦ ባሌ 5 ዓመቱ ነው፣ ሊወጣ ነው። የጂአይ ቢሉ የትምህርት ገንዘብ ለልጆች ይተላለፋል ይባላል?

የቤዛ እናት፦ የሚተላለፈው ውስጥ እያለ ብቻ ነው። 6 ዓመት ሞልቶ 4 ዓመት ልጨምር ብሎ መፈረም አለበት። አሁን ከወጣ ለልጆቹ የለም። ዛሬ ማታ ተነጋገሩ።

ሰላም ነኝ፦ ውክልና ማለት ምንድነው ግን?

የቤዛ እናት፦ ሰላም፣ ከላይ አንብቢ። ለሂዊ የጻፍኩትን።

ሂዊ፦ ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል። ምን ምን ላስጽፍ?

የቤዛ እናት፦ ጎበዝ። መኪናው፣ የቤት ኪራዩ፣ ታክስ፣ ባንኩ በስም፣ ዲርስ፣ ጓዝ ማስጫንና መረከብ። የሚያበቃበትን ቀን ይመለሳል ከተባለው 3 ወር አስረዝሚው፣ የኔ ሰው ሁለቴ ተራዝሞበታል። ዋናውን አንቺ ያዢ፣ ኮፒውን እሱ።