በእጄ ላልገባ ገንዘብ ግብር ልክፈል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። ባለቤቴ አርፏል። አሜሪካ ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ ዜግነቱንም ወስጄ፣ አሁን የምኖረው አዳማ ነው። እዚያ ሳለሁ በ1996 ቁጠባ ያለው የሕይወት ኢንሹራንስ ገባሁ። በወር 110 ዶላር፣ ለ20 ዓመት ከፍዬ ጨረስኩ። በ2014 በዚያው ኢንሹራንስ ላይ 24 ሺህ ዶላር ተበድሬ የአዳማውን ቤቴን አስጨረስኩ። «የራስሽ ገንዘብ ነው፣ ካልፈለግሽ አትመልሺ» ስላሉኝ አልመለስኩም። በ2024 መጨረሻ ውሉ ተቋረጠ ብለው ጻፉልኝ። ሳንቲም አልሰጡኝም። ከዚያ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ቤት 42,980 ዶላር እንደተከፈለኝ የሚናገር የግብር ወረቀት መጣ። ወንድሜ «ምሕረት የተደረገልሽ ዕዳ ነው፣ ምንም የለኝም ብለሽ ጻፊ፣ ይሰረዛል» ይለኛል። ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) በወር 900 ዶላር አገኛለሁ። በእጄ ላልገባ ገንዘብ ግብር ልክፈል? ቤቴንስ ይወስዱብኛል? (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። መጀመሪያ አይደንግጡ። ግብሩ አለ፣ የለም ብዬ አላታልልዎትም። ግን የፈሩትን ያህል አይደለም። ሒሳቡ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ይስቁ ይሆናል።

በቴሌግራም የላኩልኝን የወረቀቱን ፎቶ አየሁት። ፎርሙ 1099-አር ይባላል። ሳጥን 1 ላይ ያለው 42,980 ነው እንቅልፍ የነሳዎት። ዋናው ቁጥር ግን እሱ አይደለም። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ላይ፣ ደብዝዞ የወጣው ሳጥን 2ኤ አለ። እዚያ 16,580 ይላል። ግብር የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው። ሳጥን 5 ደግሞ 26,400 ይላል። እሱ እርስዎ የከፈሉት ነው፤ 110 ዶላር በ240 ወር። ልክ ገጥሟል። ኩባንያው በየዓመቱ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) በጥሬው ሰጥቶዎት ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ይቀንስ፣ ግብር የሚጠየቅበትም ያድግ ነበር።

አሁን «በእጄ አልገባም» ወደሚሉት ልምጣ። ገብቷል፣ በ2014። ያኔ 24 ሺህ ዶላሩን ሲወስዱ ግብር ያልጠየቅዎት ብድር ገቢ ስላልሆነ ነው። ወለዱ 6 በመቶ ነበር። ሳይከፈል ሲቀር በየዓመቱ ዋናው ላይ ይደመራል፣ የተደመረውም ወለድ ይወልዳል። በ10 ዓመት 42,980 ደረሰ። በኢንሹራንሱ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ገንዘብም ከዚያ አላለፈም። ዕዳው መያዣውን ሲደርስበት ኩባንያው ውሉን ዘጋና የእርስዎን ቁጠባ ወስዶ ዕዳውን አነሳ።

በእኛ አገር አስቡት። ቤት አስይዘው ተበደሩ፣ አልከፈሉም፣ ባንኩ በሐራጅ ሸጦ ዕዳውን አወራረደ። ከሐራጁ አንድ ብር ላይደርስዎት ይችላል። ቤቱ ግን በእርስዎ ስም ተሸጧል፣ ዕዳውም በእርስዎ ገንዘብ ተከፍሏል። የአሜሪካ ሕግም የሚያየው እንዲሁ ነው። ኩባንያው 42,980 ሰጥቶዎት፣ እርስዎ ደግሞ ያንኑ መልሰው ለዕዳዎ እንደከፈሉት ይቆጥረዋል። ከዚያ ላይ የከፈሉት 26,400 ይቀነሳል። የቀረው ትርፍ ነው።

ለዚህ ነው የወንድምዎ ምክር የማያዋጣው። ምሕረት የተደረገለት ዕዳ የሚባለው አበዳሪው ትቶልዎት ሲሄድ ነው። የእርስዎ አበዳሪ ምንም አልተወም፣ እስከ መጨረሻዋ ዶላር ወስዷል። ስለዚህ «ምንም የለኝም» ብሎ ማሰረዝ እዚህ ላይ አይሠራም። የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤትም ይህን ክርክር ደጋግሞ ጥሎታል። በ2016 በወሰነው አንድ ጉዳይ ሰውየው በ1987 በአንድ ጊዜ 87,500 ዶላር ከፍሎ ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር። እየተበደረበት ቆይቶ ውሉ በ2011 ሲቋረጥ ዕዳው ከ237 ሺህ ዶላር አልፏል። 150 ሺህ ያህሉ ገቢ ነው ተብሎ ተፈረደበት። እሱም በጁ ምንም አልገባም ነበር። እርስዎም 18,980 ዶላር ወለዱን ቀንሱልኝ ማለት አይችሉም። የግል ወለድ ነውና አይያዝም።

እንግዲህ የሚያስቀውን እንስራ። ለ2024 ላላገባ ወይም ባል ለሞተባት ሰው ከገቢ ላይ ያለ ደረሰኝ የሚቀነሰው 14,600 ዶላር ነው። 65 ዓመት ለሞላው 1,950 ይጨመራል። ድምሩ 16,550። የእርስዎ ትርፍ 16,580። ልዩነቱ 30 ዶላር። የመጀመሪያው እርከን 10 በመቶ ስለሆነ ግብርዎ 3 ዶላር ያህል ነው። ሶሻል ሴኩሪቲውስ? የዓመቱን ግማሽ፣ 5,400፣ ትርፉ ላይ ብንደምረው 21,980 ይመጣል። ወሰኑ 25 ሺህ ስለሆነ እሱ ላይ ግብር የለም። ቤትዎን በ3 ዶላር የሚወስድ የለም።

ይህ የሚሆነው ግን ሌላ ገቢ ከሌለዎት ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር የትም ያገኘውን ያስታውቃል። ግቢ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ካከራዩ ኪራዩ ይደመራል። እዚህ ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ወለድም እንደዚሁ። ሁለቱ አገሮች በመካከላቸው የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም፤ ይሁንና እዚህ የከፈሉት ግብር ካለ ደረሰኙን ይያዙ፣ ለማካካሻ ይቀርባል።

የግብር ማስታወቂያውን ግን ማስገባት አለብዎት። 16,580 ከ16,550 በልጧልና ግዴታ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ሰው ቀኑ እስከ ጁን አጋማሽ 2025 ነበር፣ አልፏል። ቢሆንም አሁኑኑ ያስገቡ። ቅጣቱ የሚሰላው ባልተከፈለው ግብር ላይ ስለሆነ አያስፈራም። ዝም ካሉ ግን ፎርሙ አይ አር ኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ጋም ስለደረሰ እነሱ በራሳቸው ሒሳብ ሊያሰሉልዎት ይችላሉ። ያኔ ደብዳቤ መጻጻፍ ይጀመራል። ከሦስቱ ዶላር ይልቅ እሱ ነው የሚያሰለቸው። እኔ የምሠራበት ፈቃድ የኢትዮጵያ ስለሆነ ፎርሙን አልፈርምልዎትም። ሜሪላንድ ያለ የግብር ባለሙያ በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄዎ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። እዚህ አገር ባንኮች ያለዎት ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ከደረሰ ለብቻው የሚሞላ ሪፖርት አለ። ግብር የለውም። ላለማቅረብ ያለው ቅጣት ግን ከባድ ነው። የቤት ግንባታው ገንዘብ በባንክ ባለፈባቸው ዓመታት ምን ያህል እንደነበር የባንክ መግለጫዎን ያውጡና ለባለሙያው ያሳዩት።

ወንድምዎንም አደራ ይበሉት፤ ከአይ አር ኤስ የሚመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይቀመጥ። አብዛኛው የመልስ ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከተከፈተበት ቀን አይደለም።